የጌም ቪዲዮ መቅረጫና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ከማሽኑ አቅም እስከ መጨረሻው ፋይል

ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሮጥ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምስል ሠርቶ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ቀረጻ ሲታከልበት በዚያችው ጊዜ ውስጥ ምስሉን መገልበጥ፣ ማመቅና ዲስክ ላይ መጻፍም ይጠበቅበታል። ብዙ ሰው ግን ሶፍትዌር የሚመርጠው በዝናው ነው። አንድ ታዋቂ ተጫዋች የሚጠቀምበትን ይጭናል፤ ጌሙ ሲንገጫገጭ ወይም ድምፁ ከምስሉ ሲለያይ ደግሞ ሌላ ሶፍትዌር ፍለጋ ይወጣል።

ሁለተኛው ስህተት መቅረጫውንና ማቀናበሪያውን ለየብቻ መምረጥ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ፋይል ነው። መቅረጫው ያወጣው ፋይል ለማቀናበሪያው ካልተስማማ ሁለቱም በየራሳቸው ጥሩ መሆናቸው አያድናችሁም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ማሽኑ፣ ቀጥሎ የምትሠሩት የቪዲዮ ዓይነት፣ ከዚያ መቅረጫው፣ ከዚያ አጭር ሙከራ፣ በመጨረሻ ማቀናበሪያው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ምን ይችላል?

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ግቡና አራት ነገር መዝግቡ፦ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የራሙን መጠን፣ የግራፊክስ ካርዱን ስም፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይስ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚለውን። ላፕቶፕ ከሆነ ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 የሚሉ ሁለት ካርዶች ሊታዩ ይችላሉ። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ለሚያጋጥም ጥቁር ስክሪን ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

ከአራቱ በጣም የሚወስነው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ቪዲዮን የሚያምቀው ክፍል ኢንኮደር ይባላል። ኤክስ264 የተባለው ኢንኮደር የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ስለሆነ ከጌሙ ጋር በቀጥታ ይሻማል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ግን ኤንቪኤንክ የሚባል፣ ለማመቅ ሥራ ብቻ የተሠራ የተለየ ክፍል አላቸው። የኢንቴል ውስጣዊ ግራፊክስ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩዊክ ሲንክ አለው፤ የኤኤምዲ ካርዶችም የራሳቸው አላቸው። ይህ ክፍል ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ በጌሙ ፍጥነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከኤክስ264 ጋር አይወዳደርም። የኤንቪዲያ ስም ስላለው ብቻ ግን አትተማመኑ። ጂቲ 1030ም ሆነ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ የኤምኤክስ ካርዶች ኤንቪኤንክ የላቸውም። እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ የሚያዋጣው የኢንቴሉ ኩዊክ ሲንክ ነው።

ዲስኩን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ የሚጻፈውን ሜጋቢት በ7.5 ብታባዙ በደቂቃ የሚሞላውን ሜጋባይት ታገኛላችሁ። 20 ሜጋቢት ማለት በደቂቃ 150 ሜጋባይት፣ በሰዓት 9 ጊጋባይት ነው። 40 ሜጋቢት ከሆነ በሰዓት 18 ጊጋባይት ይወስዳል። የሦስት ሰዓት ጨዋታ ለመቅረጽ ያሰበ ሰው ዲስኩ ላይ 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ሳይኖረው አይጀምር። ፍላሽ ላይ ወይም ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ በምን እንደተፎረመተ እዩ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ በ20 ሜጋቢት ሲቀረጽ በ27 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ጌሙ የተጫነበት ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ቀረጻውን ወደ ሌላ ዲስክ ላኩ፤ አንድ የንባብ መርፌ ጌሙን እያነበበ ቪዲዮውንም ሲጽፍ ሁለቱም ይጎተታሉ።

ደረጃ 2፦ ምን ዓይነት ቪዲዮ ነው?

ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ጻፉ። የ30 ሰከንድ ግሩም ቅጽበት ለጓደኛ ለመላክ የሚፈልግ ሰውና በራሱ ድምፅ እያብራራ የ20 ደቂቃ ማስተማሪያ የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። የመጀመሪያው የሚፈልገው ያለፈውን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ሁለተኛው የጌሙን ድምፅ፣ የራሱን ድምፅና የጓደኞቹን ንግግር በተለያዩ ትራኮች (በአንድ ፋይል ውስጥ ተለይተው በሚቀመጡ የድምፅ መስመሮች) የሚያስቀምጥ መቅረጫ የግድ ያስፈልገዋል። ፊታቸው በካሜራ እንዲታይ የሚፈልጉ ወይም በቀጥታ ለማሰራጨት ያሰቡ ደግሞ ብዙ ምንጮችን በአንድ ስክሪን ላይ የሚደረድር ይሹ።

ደረጃ 3፦ መቅረጫውን መምረጥ

ምንም ሳትጭኑ የሚሠራው ኤክስቦክስ ጌም ባር ነው፤ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር ይመጣል። ዊንዶውስ ቁልፍንና ጂን ስትጫኑ ይከፈታል፤ ዊንዶውስ፣ ኦልትና አር አንድ ላይ ሲጫኑ ቀረጻ ይጀምራል፣ ሲደገሙ ያቆማል። ፋይሉ ቪዲዮስ ውስጥ ካፕቸርስ በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንድ መስኮት ብቻ ስለሚቀርጽ ዴስክቶፑን ወይም ከጌም ወደ ጌም ስትዘዋወሩ ያለውን አይዝም፤ ድምፁን ሁሉ ደግሞ አደባልቆ በአንድ ትራክ ያስቀምጠዋል። አንዴ የተደባለቀ ድምፅ ተመልሶ አይለይም። ለጓደኛ ለሚላክ ቅንጭብ ግን ከበቂ በላይ ነው።

የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው ኤንቪዲያ አፕን መሞከር አለበት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ የተካው ነው። ኦልትና ዜድ ገጹን ይከፍታል፣ ኦልትና ኤፍ9 ቀረጻ ያስጀምራል፣ ኦልትና ኤፍ10 ደግሞ ያለፉትን ደቂቃዎች ያስቀምጣል። ማይክሮፎኑን ለብቻው በሌላ ትራክ የማስቀመጥ ምርጫ አለው፤ ከመጀመራችሁ በፊት እሱን አብሩት። የኤኤምዲ ካርድ ባለቤቶች በአድሬናሊን ሶፍትዌራቸው ውስጥ ተመሳሳይ የቀረጻ ገጽ ያገኛሉ። ጌሞቻቸው ስቲም ላይ ላሉ ሰዎች ደግሞ ስቲም ራሱ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ መቅረጫ አለው፤ ከበስተጀርባ እየቀረጸ ቆይቶ የምትፈልጉትን ክፍል ቆርጣችሁ በኤምፒ4 እንድታወጡ ያስችላል።

ከእነዚህ በላይ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነው። ይህን በእርግጠኝነት እንላለን። ነፃ ነው፤ ዋተርማርክ (ቪዲዮው ላይ የሚታተም የሶፍትዌሩ ምልክት) አያትምም፤ የሰዓት ገደብ የለውም፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። በአንድ ፋይል እስከ 6 የድምፅ ትራክ ያስቀምጣል። የሚያስከፍለው የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው፤ ሲከፈት ባዶ ጥቁር ገጽ ስለሚያሳይ ብዙዎች እዚያው ተስፋ ይቆርጣሉ። ቀጣዩ ደረጃ ለእነሱ ነው።

የሚከፈልባቸው መቅረጫዎችስ? ባንዲካም አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ነፃው እትም ግን ዋተርማርክ ያትማል፣ ከ10 ደቂቃም አያልፍም። ፍራፕስን የሚመክር የድሮ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልታደሰም፣ ፋይሉም ዲስክ የሚውጥ ነው። የቁልፍ መስበሪያ ያለው የተሰረቀ ሶፍትዌር ግን ፈጽሞ አትጫኑ። ስክሪናችሁንና ማይክሮፎናችሁን እንዲያይና እንዲሰማ የምትፈቅዱለት ፕሮግራም ነው፤ ማንነቱን ከማታውቁት ሰው እጅ አይወሰድም። ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ።

ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና 5 አንድ ላይ ሲጫኑ የስክሪን መቅረጫ ይመጣል፤ የኮምፒዩተሩን የውስጥ ድምፅ ግን አይዝም። ማክኦኤስ 13 ወይም ከዚያ በላይ ካላችሁ ኦቢኤስ የጌሙን ድምፅ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ይወስዳል።

ደረጃ 4፦ ኦቢኤስን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ሲከፈት ራሱ ለማስተካከል ይጠይቃል። ለቀረጻ ብቻ የሚለውን ምረጡና ይጨርስ፤ ከዚያ የሚከተሉትን በእጃችሁ አስተካክሉ።

ሴቲንግስ ውስጥ ቪዲዮ የሚለውን ክፈቱ። ቤዝ ሬዞሉሽን የስክሪናችሁ መጠን ይሁን፤ አውትፑት ሬዞሉሽን 1920 በ1080፤ ፍሬም 60። ማሽኑ ደካማ ከሆነ ወይ 1280 በ720 በ60 ፍሬም፣ ወይ 1080ፒ በ30 ፍሬም አድርጉት። ፈጣን የተኩስና የእሽቅድምድም ጌም ከሆነ የመጀመሪያውን እንመክራለን፤ እንቅስቃሴ ከጥራት ይበልጣል። የስትራቴጂ ጌም ከሆነ ጽሑፉ እንዲነበብ ሁለተኛው ይሻላል።

ቀጥሎ አውትፑት። ሞዱን ከሲምፕል ወደ አድቫንስድ ቀይሩና ሪከርዲንግ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። እዚህ አራት ውሳኔ አለ።

አንደኛ፣ የፋይሉ ዓይነት። ተራ ኤምፒ4 አትምረጡ። ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ኮምፒዩተሩ ቢደርቅ የሁለት ሰዓት ሥራ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። ማቀናበሪያችሁ ኤምኬቪ ካልወደደ ኦቢኤስ ውስጥ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሪመክስ ሪከርዲንግስ ብላችሁ በአጭር ጊዜ ወደ ኤምፒ4 ትለውጡታላችሁ፤ ጥራቱ ቅንጣት አይቀንስም፤ መያዣው ብቻ ነው የሚቀየረው። ከ30.2 እትም ጀምሮ ሃይብሪድ ኤምፒ4 የሚባል ምርጫም አለ፤ ሲቋረጥ የማይበላሽ ኤምፒ4 ስለሆነ አዲስ እትም ካላችሁ እሱን ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ ኢንኮደር። በደረጃ 1 ያገኛችሁትን የካርዱን ኢንኮደር በኤች.264 (በብዛት የሚሠራበት የማመቂያ ዘዴ) ምረጡ። ኤችኢቪሲና ኤቪ1 በተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ቦታ ይወስዳሉ፤ ነገር ግን ደካማ ማሽን ላይ ኤዲት ሲደረጉ ይከብዳሉ፣ አንዳንድ ማቀናበሪያም ጭራሽ አይከፍታቸውም። ዲስክ ካልጠበባችሁ በቀር ኤች.264 ሰላም ነው።

ሦስተኛ፣ ሬት ኮንትሮል። ለቀጥታ ስርጭት ቋሚ ቢትሬት (በሰከንድ የሚጻፈው የዳታ መጠን) ይሻላል፤ ለቀረጻ ግን ሲኪውፒ ምረጡ፤ ኤክስ264 ከሆነ ሲአርኤፍ የሚለውን። ቁጥሩን 20 ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል፤ ከ18 እስከ 23 ባለው ውስጥ ተንቀሳቀሱ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሜኑ ላይ የቆመ ስክሪን ትንሽ ዳታ ይበቃዋል፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ሣርና ጭስ ግን እጥፍ ድርብ ይፈልጋል። ቋሚ ቢትሬት ለመጀመሪያው ያባክናል፣ ለሁለተኛው ያጥረዋል፤ ያኔ ነው ምስሉ በካሬ ካሬ የሚበጣጠሰው። ኪይፍሬም ኢንተርቫል የሚለውን 2 ሰከንድ አድርጉ (ኪይፍሬም በሌሎች ፍሬሞች ላይ ሳይደገፍ ሙሉ ሆኖ የሚቀመጥ ምስል ነው)፤ ለኋላው ቆረጣ ይጠቅማል።

አራተኛ፣ የድምፅ ትራኮች። ከ1 እስከ 4 ያሉትን ሳጥኖች ምልክት አድርጉ። ከዚያ በድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ክፈቱና እንዲህ አከፋፍሉ፦ ትራክ 1 ሁሉም ድምፅ ተደባልቆ፣ ትራክ 2 ጌሙ ብቻ፣ ትራክ 3 ማይክሮፎን ብቻ፣ ትራክ 4 የጓደኞች ንግግር። ትራክ 1 የሚያስፈልገው ብዙ ማጫወቻዎች የመጀመሪያውን ትራክ ብቻ ስለሚያሰሙ ነው። የጌሙንና የንግግሩን ድምፅ ለመለየት አፕሊኬሽን ኦዲዮ ካፕቸር የሚለውን ምንጭ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ጨምሩ። እሱን ስትጨምሩ ዴስክቶፕ ኦዲዮን ማጥፋት አትርሱ፤ ካልሆነ አንዱ ድምፅ ሁለቴ ይገባና ገደል ማሚቶ ያለው ይመስላል። ጌሙ ውስጥ ያለው ዘፈን ግን በምንም ትራክ አይለይም። ባለቤት ያለው ዘፈን ያለበት ጌም ከሆነ ከጌሙ ሴቲንግ ሙዚቃውን ዝጉ፤ ብዙ አዳዲስ ጌሞች ለዚሁ የተዘጋጀ የስትሪመር ሞድ አላቸው።

ማይክሮፎኑ ስትናገሩ በኦቢኤስ ቢጫው ክልል፣ ማለትም ከ20 እስከ 9 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ባለው ውስጥ ይጫወት። ቀዩን ደጋግሞ ከነካ ቀንሱ፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በኤዲት አይጠገንም፣ ያነሰ ድምፅ ግን ከፍ ይላል። ፊልተርስ ውስጥ ኖይዝ ሰፕሬሽን፣ ከዚያ ኮምፕረሰር፣ በመጨረሻ ሊሚተር ጨምሩ። በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ተጫወቱ፤ አለዚያ ጌሙ በማይክሮፎኑ ተመልሶ ይገባና ትራክ መለየቱ ከንቱ ይሆናል። ሳምፕል ሬቱን 48 ኪሎኸርዝ አድርጉ።

በመጨረሻ ምንጭ መጨመር። ጌም ካፕቸር ቀዳሚው ምርጫ ነው፤ የጌሙን ምስል ብቻ በቀጥታ ስለሚወስድ ከሁሉም ይቀላል። ካልሠራ ዊንዶው ካፕቸር፣ እሱም ካልሆነ ዲስፕሌይ ካፕቸር። ዲስፕሌይ ካፕቸር ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያሳይ አትዘንጉ፤ ብቅ የሚል የግል መልእክትም አብሮ ይቀረጻል።

ያለፈውን ቅጽበት ለማስቀመጥ የምትፈልጉ ሪፕሌይ በፈርን አብሩና 60 ሰከንድ ስጡት። የሚያስቀምጠው ራም ላይ ነው፤ በ40 ሜጋቢት ለ60 ሰከንድ 300 ሜጋባይት ያህል ይይዛል።

ደረጃ 5፦ የአምስት ደቂቃ ሙከራ

ጌሙ በጣም በሚበዛበት ቦታ፣ ብዙ ጠላትና ፍንዳታ ባለበት፣ 5 ደቂቃ ቅረጹ። ባዶ ሜዳ ላይ የተደረገ ሙከራ ምንም አይነግርም። ኦቢኤስ ውስጥ ስታትስ የሚለውን መስኮት ክፍት አድርጉ፤ ሁለት ቁጥሮች ተመልከቱ።

ሬንደሪንግ ላግ የሚለው እየጨመረ ከሄደ ግራፊክስ ካርዱ በጌሙ ተጠምዷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ኦቢኤስ ውስጥ አይደለም። ጌሙ ውስጥ የፍሬም ገደብ 60 ላይ አስቀምጡ ወይም የጥላና የውሃ ጥራት ቀንሱ፤ ካርዱ ለኦቢኤስ ትንፋሽ ይተውለታል። ዊንዶውስ ላይ ኦቢኤስን ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብሎ መክፈትም ቅድሚያ ያሰጠዋል፤ ጌሙ በአድሚኒስትሬተር ሲከፈት የማይሠሩ የኦቢኤስ የቁልፍ ትእዛዞችም በዚሁ ይስተካከላሉ። ኢንኮዲንግ ላግ የሚለው ከጨመረ ደግሞ ማመቂያው አልቻለም፤ ከኤክስ264 ወደ ካርዱ ኢንኮደር ተሻገሩ፣ ፕሪሴቱን ፈጣን አድርጉ ወይም ሬዞሉሽን ቀንሱ። ሁለቱን ያምታቱ ሰዎች ሳምንት ሙሉ የተሳሳተውን ቁልፍ ሲነካኩ ይኖራሉ።

ምስሉ ጥቁር ከሆነ? ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ጌሙ በአንዱ፣ ኦቢኤስ በሌላው እየሠራ ይሆናል። ዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ግቡና ኦቢኤስን ጨምሩ። በጌም ካፕቸር የምትቀርጹ ከሆነ ከጌሙ ጋር አንድ ካርድ እንዲይዝ ሃይ ፐርፎርማንስ ስጡት፤ በዲስፕሌይ ካፕቸር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ውስጣዊው ካርድ ስለሆነ ፓወር ሴቪንግ ስጡት። ዝጉና እንደገና ክፈቱ። ጌሙ የማጭበርበር መከላከያ ካለው ጌም ካፕቸርን ሊያግድ ይችላል፤ ያኔ መከላከያውን ለማለፍ አትሞክሩ፣ አካውንት ያሳጣል። ወደ ዊንዶው ካፕቸር ዙሩ። ቀለሙ የነጣ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአር (ሰፊ የብርሃንና የቀለም ክልል የሚያሳየው የስክሪን ምርጫ) በርቶ እንደሆነ እዩ።

ከዚያ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። መጀመሪያው ላይ ሳይሆን 5ኛው ደቂቃ ላይ ከንፈርና ድምፅ፣ ተኩስና ፍንዳታ እኩል ናቸው? እኩል ካልሆኑ ወንጀለኛው ብዙውን ጊዜ ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ነው። ጌም ባርና የካርዶቹ መቅረጫዎች ጌሙ ሲዘገይ አብረው ይዘገያሉ፤ አንዷን ሰከንድ በ60፣ ሌላዋን በ52 ፍሬም ይጽፋሉ። ማጫወቻ ይህን ያስታርቀዋል፤ ማቀናበሪያ ግን ሁሉም ሰከንድ እኩል እንደሆነ ስለሚገምት ድምፁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ስትከፍቱ የፍሬም ሁኔታው ቫሪያብል ይላል። ኦቢኤስ የሚጽፈው ቋሚ ነው፤ ከላይ አጥብቀን የመከርነው ለዚህም ጭምር ነው። በሌላ መቅረጫ የተያዘ ፋይል ካላችሁ ሃንድብሬክ ውስጥ አስገቡት፤ ቪዲዮ ገጽ ላይ ፍሬሙን 60፣ ኮንስታንት ፍሬምሬት፣ ጥራቱን 18 አድርጉና ቀይሩት። ኦዲዮ የሚለውን ገጽ ሳታዩ ግን አትጀምሩ፤ ሁሉም ትራኮች መካተታቸውን አረጋግጡ፣ አለዚያ ማይክሮፎኑ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 6፦ ማቀናበሪያውን መምረጥ

አሁን ፋይሉን ታውቁታላችሁ፤ ምርጫው ቀለል ይላል።

ጫፍና ጫፉን መቁረጥ ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ሙሉ ማቀናበሪያ አትጫኑ። ሎስለስከት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን እንደገና ሳያምቅ ይቆርጣል፤ የሰዓት ፋይል በጥቂት ጊዜ ያልቃል፣ ጥራቱም እንደነበረ ነው። መቁረጥ የሚችለው ግን ኪይፍሬም ላይ ስለሆነ መነሻው እስከ 2 ሰከንድ ሊንሸራተት ይችላል። ያ 2 ሰከንድ በደረጃ 4 ያስቀመጥነው ነው።

8 ጊጋባይት ራምና መካከለኛ ካርድ ላለው ሰው ሾትከትና ኬደንላይቭ አሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ዋተርማርክ የላቸውም፣ ኤምኬቪ ይከፍታሉ። ሾትከት ለጀማሪ ይቀላል፤ ተለዋዋጭ ፍሬም ያለው ፋይል ሲገባ ራሱ አውቆ ለኤዲት የሚመች ቅጂ ላዘጋጅ ይላል፤ እሺ በሉት። ከአንድ በላይ የድምፅ ትራክ ላለው ፋይል ግን አድካሚ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ ከፕሮፐርቲስ ትራኩን እየመረጣችሁ መደርደር አለባችሁ። ኬደንላይቭ በዚህ ይበልጠዋል፤ የፋይሉን የድምፅ ትራኮች ታይምላይኑ (ክሊፖቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት ክፍል) ላይ ለየብቻ ያወርዳቸዋል። በማብራሪያ ድምፅ የሚሠራ ሰው ኬደንላይቭን ይምረጥ። በሁለቱም ፕሮክሲን አብሩ፤ ስትሠሩ ትንሿን ቅጂ ያጫውታል፣ ስታወጡ ግን ዋናውን ይጠቀማል።

16 ጊጋባይት ራምና የራሱ ሜሞሪ ያለው ጥሩ ካርድ ካለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሌላ ደረጃ ነው። ነፃው እትም እስከ 3840 በ2160 በ60 ፍሬም ያወጣል፤ ዋተርማርክ የሚያትመው የሚከፈልበትን እትም ኢፌክት ስትነኩ ብቻ ነው። የድምፅ ክፍሉ፣ ፌርላይት የተባለው፣ ትራክ ለለየ ሰው ትልቅ ሀብት ነው፤ ስትናገሩ የጌሙ ድምፅ ራሱ ዝቅ እንዲል ማድረግ ይቻላል። ሁለት ወጥመድ አለው። የፕሮጀክቱን የፍሬም ፍጥነት ቪዲዮ ከማስገባታችሁ በፊት ከፕሮጀክት ሴቲንግስ 60 አድርጉ፤ ክሊፕ ከገባ በኋላ አይቀየርም። ኦቢኤስ 60 ብሎ የጻፈው ልክ 60 ስለሆነ 59.94 የሚለውን አትምረጡ። ሁለተኛው፣ በደካማ ካርድ ላይ የጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል እያለ ይቆማል፤ ታይምላይኑን ወደ 1080ፒ ዝቅ ማድረግ ካልረዳ ማሽኑ አይችለውም፣ ወደ ኬደንላይቭ ተመለሱ። ሊኑክስ ላይ ነፃው እትም ከኤች.264ና ከኤኤሲ ድምፅ ጋር ስለማይስማማ እዚያም ምርጫው ኬደንላይቭ ነው።

ለአጫጭር ቁም ቪዲዮዎች ካፕከት ፈጣን ነው፤ በ1080 በ1920 ፕሮጀክት መክፈት፣ ጽሑፍ መለጠፍ ይቀላል። ፕሮ የሚል ምልክት ያለበትን ኢፌክት ከነካችሁ ግን ስታወጡ ክፍያ ይጠይቃል። ዊንዶውስ 11 ላይ ያለው ክሊፕቻምፕ እስከ 1080ፒ ያለ ዋተርማርክ ያወጣል፤ ነጠላ ትራክ ላለው የጌም ባር ፋይል ይበቃል። ማክ ያለው ሰው በአይሙቪ ይጀምር። ፕሪሚየር ፕሮ በየወሩ የሚከፈልበት ነው፤ በሙያው ለመሠማራት ካላሰባችሁ ከላይ ያሉት የማይሰጧችሁ ነገር ለጌም ቪዲዮ ብዙ አይደለም።

የትኛውንም ስትመርጡ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦ የሙከራውን ፋይል አስገቡ፣ 30 ሰከንድ ቁረጡ፣ አንድ ጽሑፍ ለጥፉ፣ አውጡና ተመልከቱ። ዋተርማርክ፣ የጎደለ ትራክ፣ የተንቀራፈፈ ታይምላይን ሁሉም በ10 ደቂቃ ይታወቃል።

ደረጃ 7፦ ማውጣት

ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ ድምፁ ኤኤሲ በ48 ኪሎኸርዝ። ፍሬሙ ከተቀረጸበት ጋር እኩል ይሁን፤ በ30 የተቀረጸውን በ60 ማውጣት ፋይል ያሳብጣል እንጂ እንቅስቃሴ አይጨምርም። ዩቲዩብ ለ1080ፒ 60 ፍሬም 12 ሜጋቢት፣ ለ1440ፒ 60 ፍሬም 24፣ ለ4ኬ 60 ፍሬም ከ53 እስከ 68 ሜጋቢት ይመክራል። እሱ እንደገና ስለሚያምቀው ከተባለው በመጠኑ ከፍ ማድረግ አይጎዳም፤ ዝቅ ማድረግ ግን ይታያል። በ12 ሜጋቢት የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 900 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ቢትሬቱን ከማጉደል ወደ 720ፒ 60 ፍሬም በ7.5 ሜጋቢት መውረድ ይሻላል።

ቪዲዮው ወጥቶ ከተጫነ በኋላ ሙሉውን እስክታዩት ድረስ ዋናውን ቀረጻ አትደምስሱ። ኦቢኤስ ውስጥ ፕሮፋይልና ሲን ኮሌክሽን ከሚሉት ሜኑዎች ኤክስፖርት ብላችሁ ቅንብሩን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ማቀናበሪያውን ደግሞ ፕሮጀክት መሃል ላይ ሳላችሁ አታድሱ፤ በተለይ ሪዞልቭ ላይ በአዲሱ እትም የተከፈተ ፕሮጀክት በአሮጌው ተመልሶ አይከፈትም።